ጭዱ ደህና ነበር

ወንዙ ሞልቶ ግንድ እየነቀለ ያገሳል። የእንስሳት ሐኪሙ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቀለለ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ውሃው ደረት ይደርሳል!

«ገመዱን እንዳትለቅ፣ ዶክተር!» ብለው ጮኹ ከፊት የሚሻገሩት ሽማግሌ።

ገባ። ጎርፉ እግሩን ጠለፈው፣ አገላበጠው፣ ጭቃ አጠጣው። በአንድ እጁ ገመዱን፣ በሌላው ቦርሳውን ጨብጦ እየተንገዳገደ ወጣ። መጀመሪያ የከፈተው ቦርሳውን ነው። እንደ ጥርስ ሳሙና በቱቦ የታሸጉት ሰባቱ የጨጓራ አሲድ መቀነሻዎች ደህና ናቸው። ተመስገን!

እነዚህ ቱቦዎች ከሃያ ቀን በፊት አዋላጇ እጅ መግባት ነበረባቸው። ያኔ በቅሎዋ አነከሰችና ሐኪሙ የአሥራ ሁለት ቀን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ሰጣት። እንዲህ ያለ ማስታገሻ ሲረዝም ጨጓራ እንደሚያቆስል፣ አሲድ መቀነሻም አብሮ መሰጠት እንዳለበት አሳምሮ ያውቃል። «የበቅሎ ሆድ ብረት ነው፣ ምን ይነካዋል» ብሎ ተወው። ቱቦዎቹን መሸከም ሰንፎ ነው እንጂ! በቅሎዋ መብላት አቁማ ጥርሷን ስታፋጭ ተመልሶ ሄደ፤ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊትም አዋላጇን «የሻገተ ጭድ አብልተሻት ነው» አላት። ከተማ ወርዶ ቢሮው ገብቶ ቁም ሣጥኑን ሲከፍት ግን ያልተነካው ካርቶን አፈጠጠበት። ላብ አጠመቀው።

አዋላጇ ያለ በቅሎዋ ምጥ የያዛት ሴት ዘንድ አትደርስም። ስለዚህ ሊሸኙት አብረውት የወረዱትን ታላቅ ወንድሟን፣ እኚህን ሽማግሌ፣ «አሁኑኑ እንመለስ» አላቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም።

ከወንዙ ቀጥሎ ገደሉ መጣ። መንገዱ ከአለቱ ጎን የተለጠፈ ነው፤ ሁለት ሰው አያስተላልፍም። ሐኪሙ ትንፋሹን ሊሰበስብ ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረ። ወይ ጉድ! አውራ ዝንጀሮ ከላይ ዱብ አለና ቦርሳውን ላፍ አድርጎ አፋፉ ጫፍ ላይ ጉብ አለ።

«ተወው! ትወድቃለህ!»

አልተወውም። በሆዱ እየተሳበ ተጠጋ። ዝንጀሮው አንዱን ቱቦ ነክሶ ቀመሰና ፊቱን አጨማዶ ተፋው። ሐኪሙ የስንቅ ዳቦውን ወረወረለት፤ ዝንጀሮው ቦርሳውን ጥሎ ዳቦውን ቀለበ። ቦርሳው ወደ ገደሉ ሲንሸራተት ሐኪሙ ተወርውሮ ማንገቻውን ያዘ፤ ግማሽ አካሉ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው በቀበቶው ጎትተው መለሱት።

«ለበቅሎ ብለህ ልጆችህን ልታስለቅስ ነው?» አሉ። «ሁሉም የዚያች የእህቴ ጣጣ ነው! አንተ ከነገርከን ወዲህ ቃል አልተነፈስኳትም። እንዴት ሰው ለእንስሳ የሻገተ ያበላል?»

«አባቴ…»

«አቤት ልጄ?»

«እንሂድ፣ እንዳይመሽብን።»

ገደል ያልፈራ ሰው አንድ ቃል ፈራ። የዘጠኝ ሰዓቱን መንገድ ሽማግሌውን ቀና ብሎ ሳያይ ጨረሰ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ደረሱ። አዋላጇ ደጅ ሰው ተሰብስቧል። በቅሎዋ ተኝታ ሆዷን ሲያማት ዞር እያለች ጎኗን ታያለች፤ አንድ መድኃኒት አዟሪ መርፌ ይዞ አንገቷ ላይ ጎንበስ ብሏል። ከበረቱ ኋላ የጭድ ክምር የነበረበት ቦታ ጠቁሯል።

«ጭዱስ?» አለ ሐኪሙ።

«አቃጠልኩታ» አለች አዋላጇ ቀና ሳትል። «የዓመቱን ሁሉ። ሻግቷል አላልከኝም?»

«ይቺን ማስታገሻ ስወጋት ብድግ ትላለች» አለ አዟሪው።

«አቁም! ያቆሰላት ይኸው ማስታገሻ ነው!» አለ ሐኪሙ።

«እንዴ! ባለፈው ራስህ የሰጠሃት አይደል? ያኔ መድኃኒት፣ ዛሬ መርዝ ሆነ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሐኪሙ ዞረ። መርፌው ከአንገቷ ስንዝር አይርቅም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ጨጓራዋን ያቆሰልኩት እኔ ነኝ። አሲድ መቀነሻውን አብሬ መስጠት ነበረብኝ፣ አልሰጠሁም። ጭዱን ገልጬ እንኳ አላየሁትም። ጭዱ ደህና ነበር።»

አዟሪው መርፌውን መለሰ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። አዋላጇ ሐኪሙን ትክ ብላ አየችው።

«ድገመው» አለች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ደገመው።

ስድስት ቀን ከመንደሩ አልወጣም። በየማለዳው፣ በቅሎዋ ምንም ሳትቀምስ፣ መድኃኒቱን በአፏ ጥግ ይጨምቅላታል። ከዚያ ማጭድ ይዞ የተቃጠለውን ጭድ የሚተካ ሣር ሊያጭድ ወደ መስኩ ይወርዳል። ሽማግሌው ተጨማሪ ቱቦ ሊያመጡ ከተማ ሄደዋል፤ እሳቸውም የእህታቸውን ዓይን ሸሽተው ይመስላል። መንገደኛ «ምን ነካህ ዶክተር፣ ሣር ተሸክመህ?» ሲለው ፊቱ እየጋለ «ጭዱ ደህና ነበር» ይላል።

በአራተኛው ቀን በቅሎዋ ጥርሷን ማፋጨት ተወች። በስድስተኛው ቀን ከእጁ ሣር ነጥቃ በላች። አዋላጇ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«ሸክምህ ትንሽ ናት» አለችው። «ክምሩ ትልቅ ነበር።»

ማጭዱን አንስቶ ተመልሶ ወረደ።