የላላው ፊደል

በ፲፱፻፸ ዓመተ ምሕረት፣ ጥር ዐሥራ አምስት ቀን፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ወደ መንበራቸው ከተመለሱ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነበር፤ የአሸተን ማርያም ተራራ በውርጭ ነጥቶ አርፍዷል፤ በላሊበላ ከተማ ግን ስለ ውርጩም ስለ በዓሉም የሚያወራ አልነበረም፤ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ሦስተኛ ከመጣባቸው፣ ወሬው ወዲያው ወደ ከብት በሽታ ይዞር ነበር።

በዚያ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ወደ ከተማው ትምህርት ቤት መጥቶ፣ የአማርኛ አስተማሪዋን የሻረግን ቀበሌ እንደምትፈለግ ነገራት። የሻረግ የኩልመስክ ሰው ናት፤ አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እርሷም ከጉባኤው ባትቀመጥም፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆና ሰምና ወርቅ ሲለይ እየሰማች አድጋለች። ጠመኔውን አስቀምጣ፣ እጇን ማራገፍ እንኳ ረስታ ተከተለችው።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት የጠበቃት ጓድ ሙሉሃብት ነበር፤ በዚያ ወር ለማጣራት ሥራ የተላከ ካድሬ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቶት የሚያውቅ የለም፤ ሰዉም የሚፈራው ስለዚህ ነበር። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ገፋ አደረገላት።

«ይህ ከሀብተ ሥላሴ ኪስ የተገኘ ነው። አንብቢው።»

ሀብተ ሥላሴ የቀበሌው ሱቅ ዕቃ አዳይ ነው፤ ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ቆይቶ ትምህርቱን የተወ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው። የሻረግ አነበበች።

የቀበሌው ካኪ ወገቤን ይዞኛል፤
ብተኛም ብነሣም ሁሌ ይጠብቀኛል።

ወርቁ ወዲያው ታያት። «ብ» ከላላች፣ ከሱቁ የተሰጠው የካኪ ሱሪ ወገቡን እየጠበቀ ያስቸገረው ሰው እሮሮ ነው፤ «ብ» ከጠበቀች ግን ካኪ የለበሰው አብዮት ጠባቂ ነው፣ ሰውየውን ሌት ተቀን ዘብ ቆሞ የሚጠብቀው።

«ነገ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ትተነትኝልናለሽ» አለ ሙሉሃብት። «እኔ የገባኝ ገብቶኛል። አንቺ የገባሽን ግን ሕዝቡ ይስማው።»

ለሀብተ ሥላሴ ብቻ የተጠመደ ወጥመድ እንዳልሆነ አላጣችውም፤ ወርቁን ብታወጣ ሰውየው ያልቅለታል፣ ብትሸሽግ ደግሞ የሸሸገ ሰው ምን እንደሚደርስበት በየከተማው መንገድ ዳር ታይቷል።

ከሰዓት በኋላ የሀብተ ሥላሴ ሚስት ወለላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እንደ ለቅሶተኛ ሆና የሻረግ ቤት መጣች።

«እትዬ የሻረግ፣ እርስዎ ያነቡታል አሉኝ።»

«ላንቺ አንብቦልሽ ነበር?»

«አዎ። ‹ብ›ን አጥብቆ ነው የሚላት። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ግጥሟ ታነክሳለች፤ ጥበቡ ማነከሷ ነው እያለ ይስቅ ነበር።» ወለላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ እትዬ።»

ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ የሻረግ በጣቷ ጉልበቷን እየመታች ስንኙን ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች፤ ማምለጫው እዚያው ማነከሱ ላይ መሆኑን ስታይ ደስ አላላትም፤ ሰውየውን ለማዳን ጥበቡን ስሕተት ልትለው ነበርና።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሀብተ ሥላሴን እጁን የኋሊት አስረው፣ በዚያው በካኪ ሱሪው አቆሙት፤ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል።

«ጓዶች» አለች የሻረግ፤ «ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የሚያሳየን የግጥሙ ምት ነው። አብራችሁኝ አጨብጭቡ።»

ሰዉ ጓድ ሙሉሃብትን አየ። እርሱም አልከለከለም። ስለዚህ አጨበጨቡ፤ በፍርሃት፣ እኩል። ብ፣ ተ፣ ኛም፤ ብ፣ ነ፣ ሣም፤ ስድስት። ሁ፣ ሌ፤ ይ፣ ጠብ፣ ቀ፣ ኛል፤ ይህም ስድስት። ከዚያ «ብ»ን አጥብቃ አነበበችላቸው፤ ሰባተኛዋ ጭብጨባ ብቻዋን ተርፋ በአዳራሹ ጮኸች።

«ስለዚህ ግጥሙ ስለ ሱሪ ነው» አለች። «ሐሳቡ ተራ ነው፤ ወርቅ የለውም። ለክፍል ቢቀርብልኝ አላሳልፈውም።»

«ገጣሚው ሆን ብሎ አበላሽቶት ቢሆንስ?» አለ ሙሉሃብት ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ ከኋላ ሽማግሌው መሪጌታ ተክለ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ የአባቷ ባልንጀራ የነበሩ ናቸው።

«ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የግጥም ቤት አይሰብርም» አሉ። «ነውር ነው። አስተማሪዋ በትክክል ቆጥራለች።»

እኒህ ሽማግሌ ሲያስተምሩ ከልክ መውጣትም ጥበብ የሚሆንበት ስፍራ እንዳለ ይናገሩ እንደ ነበር የሻረግ ታውቃለች፤ ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልደፈረችም።

ሙሉሃብት ወረቀቱን ወደ እስረኛው ዘረጋ። «እንግዲያው ባለቤቱ ያንብበው።»

ሀብተ ሥላሴ የመጀመሪያውን ስንኝ አነበበ፤ የሁለተኛው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ባንድ ዓይኑ ወለላን ፈለጋት፤ አገኛት። ከዚያም «ብ»ን አላልቶ፣ ድምፁ በጭንቅ እየተሰማ ጨረሰው። ከወደ ኋላ አንድ ሰው ስለ ሱሪው ሳቀ፤ ሌሎችም ተከትለው ሳቁ፤ ካድሬው ሲስቁ ጥቂት አይቷቸው ወረቀቱን አጠፈው።

ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ ፈቱት፤ ውስጥ እግሩን ተገርፎ ስለ ነበር በተረከዙ ነበር የሚሄደው። በዐቢይ ጾም መጨረሻ የሻረግን ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ አገኛትና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ነፍሴን አትርፈውልኛል» አላት። «ያነበብኩት ግን የኔ ግጥም አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችው።

ዳግመኛ አልገጠመም። የሻረግም ዐሥራ ሁለት ዓመት ግጥም አስተማረች፤ ስንኝ ታስቆጥራለች፣ ቤት መምቻውን ታሳያለች፤ ‹ምን ገባችሁ?› ብላ ግን አንድም ቀን አልጠየቀችም፤ አንዱ ወርቁን አውጥቶ እንዳይመልስላት ፈርታ።

ያ ዘመን ካለፈ በኋላ የሞቱት ስም ተሰብስቦ ተጻፈ፤ መጻፉም ተገቢ ነበር። ሀብተ ሥላሴ ስላልሞተ አልተመዘገበም፤ ሁለቱን ስንኞች የሚያስታውሱ ጥቂት ሽማግሌዎችም ሱሪ ስለ ጠበበው ሰው የተገጠሙ ናቸው ይላሉ። ታሪክ የያዘው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ዓይነት ነበሩ ብላ ልታርም የምትችለው የሻረግ ነበረች፤ እርሷም ለማንም ሳትናገር በ፲፱፻፺፬ አረፈች።