እስኪያልቅ የሚያዝ ደወል

ጭሱ ከጠረጴዛው ላይ ሲነሳ ቱርቦ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በደብተሩ ማራገብ ነበር።

«ተው፣ አትንካው!» አለች ሽቦ፤ ባትሪውን ነቀለችው። ግን ረፍዷል። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክለው የማብሪያ ሰሌዳ መሃሏ ጠቁሯል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ትሸታለች።

«የትኛውን ሞተር ነው የሰካኸው?»

«ከአጎቴ ጋራዥ ያመጣሁትን። የመኪና መስታወት ላይ ውሃ የሚረጨውን።» ቱርቦ ጭንቅላቱን አከከ። «ትንሹ እኮ እንደ ጉንፋናም አፍንጫ ነው የሚያንጠባጥበው። ይሄኛው ይፈጥናል ብዬ ነው።»

ቱርቦ የተባለው በከንቱ አልነበረም። እሷን ሽቦ ያሏት ደግሞ ስለቀጠነች ብቻ ሳይሆን ሽቦ ከኪሷ ስለማይጠፋ ነው።

በእነሽቦ ቤት ጠረጴዛ ላይ የቆመው የአበባ ማሰሮ የሁለቱ ሥራ ነበር። ማስጀመሪያውን አንዴ ሲጫኑት ሞተሩ ውሃ ይስባል፤ አፈሩ ሲርስ ሰሌዳዋ ራሷ ኃይሉን ትዘጋለች። ያለ እሷ ውሃው ሞልቶ ወለሉ ላይ ሲፈስ የሚያቆመው የለም። የፊዚክስ መምህራቸው ሕግ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በቅዳሜው ትርኢት ማስጀመሪያውን የተጫነ ተማሪ እጁን ኋላ አጣምሮ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ሥራውን የነካ ከውድድር ወጥቷል።

እየሮጡ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫው ሄዱ። ሻጩ የተቃጠለችውን ሰሌዳ በጣቱ ገልብጦ አየና ሳቀ።

«ይቺን ምን አበላችኋት? ሌላ የለኝም። በመጪው ወር ብትመጡ ምናልባት።»

ተመልሰው የእነሽቦ በር ጋ ሲደርሱ ቱርቦ ቆም አለ። መቃኑ ላይ የተቸነከረውን የደወል መጫኛ አየ፤ ከዚያ ሽቦን አየ።

«ይሄ ውስጥ አንድ አለ አይደል? ወንድምሽ የሠራው ውስጥ።»

ሽቦም ከእሱ ቀድማ አስባው ነበር።

«ለቅዳሜ ብቻ! ከዚያ ትመልሺዋለሽ። አታካብጂ ባክሽ፣ ደወል እኮ ነው።»

ወንድሟ ደወሉን የሠራው የጭነት መርከብ ላይ የሞተር ክፍል ረዳት ሆኖ ከመሄዱ በፊት ነው። ባዶ የሳሙና መያዣ ውስጥ ድምፅ መቅጃ፣ ድምፅ ማጉያና አንዲት የማብሪያ ሰሌዳ ከተተ። ሰሌዳዋን «ዘበኛው» ነበር የሚላት። «አየሽ ሽቦ፣ እንግዳ ሲመጣ ይከፍታል፣ ወሬው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋል። ባትሪ አያስበላም። የማያንቀላፋ፣ ደሞዝ የማይጠይቅ ዘበኛ የት ይገኛል?»

መጫኛውን የነካ ሰው የሚሰማው ቅጭልጭልታ አይደለም፤ የእሱን ድምፅ ነው። «ማነው? እሺ፣ መጣሁ መጣሁ!» ይላል። ቀጥሎ ከኋላ፣ ከማድ ቤት በኩል፣ የሽቦ ጩኸት ይሰማል፤ «ኧረ ሽንኩርቱ አረረ!» ያን ቀን ሳያስቡት አብሮ ተቀድቶ ነው። እንደገና እንቅዳው ብላ ብትለምነው እምቢ አለ።

እናታቸው የበር ቁልፍ አላት። ሆኖም ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ስትመለስ፣ ቀኑን ሙሉ ካውያ ሲገፋ በዋለ እጇ መጀመሪያ የደወሉን መጫኛ ትጫናለች። ድምፁ እስኪያልቅ ቆማ ትሰማለች። ከዚያ ነው በሩን የምትከፍተው። ሽቦ ተነስታ ከፍታላት አታውቅም። ደወሉ መልስ ይሰጥ የለም?

ወንድሟ ስልክ ከደወለ ቆይቷል። መርከቧ መሃል ባሕር ላይ ስትሆን ስልክ አይሠራም። በመጨረሻ የደወለ ጊዜ ግን ትምህርት ሲዘጋ ወደቡ ከተማ ላይ ሳያርፉ እንደማይቀሩ ነግሯት ነበር። የቅዳሜው ትርኢት አሸናፊ ለትልቁ የትምህርት ቤቶች ውድድር የሚሄደውም እዚያው ከተማ፣ በዚያው ሰሞን ነው። ሽቦ ይህን ለቱርቦ እንኳ አልነገረችውም። ወንድሟ የመርከቧን መሰላል ሲወርድ፣ እሷ ታች ቆማ «ማነው?» ስትለው፣ እሱ ደንግጦ ቀና ሲል ይታያታል። ከዚህ በላይ ምን እንደሚባባሉ አስባው አታውቅም። ሁልጊዜ እዚያ ላይ ይቆምባታል።

ቱርቦ ከሄደ በኋላ ከበሩ ውስጥ በኩል የተሰቀለውን የሳሙና መያዣ አወረደች። መበየጃዋን አግላ ዘበኛውን አወጣችውና ማሰሮው ላይ በየደችው። ይሠራ እንደሆነ አይታ፣ እናቷ ሳትመጣ ወደ ቦታው ልትመልሰው ነበር ሐሳቧ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ እንደገና ታወጣዋለች።

ትንሹ ሞተር እያጉረመረመ ውሃውን ሳበ። አፈሩ ጠቆረ። ሞተሩ ዝም አለ። እጆቿን ኋላ አጣምራ የቆመችው ሽቦ ብቻዋን ሳቀች። ደረቅ አፈር ለወጠችና ደግማ ሞከረችው። ከዚያም ደገመችው። ደረጃው ላይ ኮቴ ስትሰማ መበየጃው ቀዝቅዟል።

ውጭ መጫኛው ቀጭ አለ።

ምንም የለም።

ሽቦ የበር ቁልፉን ድምፅ ጠበቀች። አልመጣም። መጫኛው እንደገና ቀጭ አለ፤ አሁን ቀስ ተብሎ፣ የታመመ ሰው እንደሚነካ። ከዚያ ሌላ ጊዜ።

ሳታስበው ድምፅዋን አጎርንና «ማነው?» አለች። «እሺ፣ መጣሁ መጣሁ!»

ከበሩ ማዶ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ሽንኩርቱስ?»

የሽቦ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣ። «አረረ!» ብላ በሩን ከፈተችው።

እናቷ የበር ቁልፏን ጨብጣ ቆማለች። «ዛሬ ልጄ ድምፁ ቀጠነብኝ» አለች። «ባሕሩ ላይ አያበሉትም መሰለኝ።» እየገባች ሳለ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን የሳሙና መያዣ አየች።

«ልመልሰው ነበር እማዬ። የእሱን ድምፅ እንደምትጠብቂ አውቃለሁ።»

«የእሱን ብቻ መሰለሽ?» እናቷ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች። «እኔ የምጠብቀው ሽንኩርቱን ነው። እዚያ ካልደረሰ ሁለታችሁም ቤት ያላችሁ አይመስለኝም።»

እናቷ ወደ ማሰሮው ቀረብ አለች።

«በይ እስኪ፣ ዘበኛዬን የቀማኝን አሳዪኝ።»

ሽቦ ደረቅ አፈር ለወጠችና ማስጀመሪያውን ተጫነች። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ውሃው ሲወርድ አዩ። ሞተሩ ዝም ሲል እናቷ ጎንበስ አለች።

«ራሱ ነው በቃኝ ያለው? ማንም ሳይነግረው?»

«ራሱ ነው።»

እናቷ እርጥቡን አፈር በጣቷ ጫፍ ነካችው። «ታድሎ» አለች፤ ልብሷን ልትቀይር ወደ ውስጥ ገባች።

ሽቦ ስለ ወደቡ ልትነግራት አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መለሰችው። ወንድሟ ወደቡ ሳይመጣ ቢቀር የምታዝነው ራሷ ብቻ ትሁን። መበየጃውን እንደገና ሰካች። እስኪግል ድረስ አንዴ ማሰሮውን፣ አንዴ ባዶውን የሳሙና መያዣ እያየች ተቀመጠች። እናቷ በሩ ላይ እንዴት እንደምትቆም አሰበች፤ ቦርሳዋ ክንዷ ላይ፣ ጣቷ ከመጫኛው ሳይርቅ። ከዚያ ሁለት ሽቦ ከኪሷ አወጣች።

በማግስቱ ትምህርት ቤት በር ላይ ቱርቦ ደረሰባት። «እ? ዘበኛውስ?»

«ማሰሮው ላይ ይቀራል። ደወሉን ያለ ዘበኛ ቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኝቼዋለሁ። ጣትህን እስካላነሳህ ያወራል። ካነሳህ መሃል ላይ ይቋረጣል።»

«ይሄ ደግሞ የምን ፋራ ደወል ነው! ማን እስኪያልቅ ይይዘዋል?»

«የሚይዝ አለ» አለች ሽቦ።

በዚያን ቀን አመሻሽ ማሰሮውን ለትርኢቱ እየወለወለች ሳለ ኮቴው ደረጃውን ወጣ። መጫኛው ቀጭ አለ። «ማነው? እሺ፣ መጣሁ መጣሁ!» ድምፁ ሳይቋረጥ ቀጠለ። «ኧረ ሽንኩርቱ አረረ!» ከዚያ ጸጥ አለ።

መጫኛው ሲለቀቅ የሚሰማው ቀጭታ ግን አልተሰማም። ወሬው አልቆም ጣቷ እዚያው ነበር።

ሽቦ መወልወያውን አስቀመጠች። የቁልፉን ድምፅ ሳትጠብቅ ተነሳችና ወደ በሩ ሄደች።