ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ

የፊልም አቀናባሪው አስከሬን የተገኘው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለው የሥራ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመደርደሪያው ሥር፣ ከወደቀች አጭር መሰላል አጠገብ ነበር። ጠዋት በሩን ከፍታ ያገኘችው ታናሽ እህቱ ናት። ፖሊሶቹ «ዕቃ ሊያወርድ ወጥቶ ወደቀ» ብለው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ መርማሪዋ ደረሰች።

ይህች ሴት ወንበር ላይ መቀመጥ አይሆንላትም። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረችው። መሰላሏን አቁማ ወጣችና የመደርደሪያውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰች፤ ጣቷ በአቧራ ተሸፈነ።

«እዚህ ላይ የደረሰ እጅ የለም» አለች። «ቁስሉም ማጅራቱ ላይ ነው፤ ሟቹ ከኋላው ተመትቷል። መሰላሏን የጣላት የመታው ሰው ነው።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል። ድምፁን ተከትላ ጠረጴዛው ላይ ካለች ጥቁር ሳጥን ደረሰች። የፊልም ቀረጻ የሚከማችባት፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ የምትይዝ ሳጥን ናት። የፊቷን መዝጊያ ስትከፍተው ግን ያለው አንድ ዲስክ ብቻ ነበር። የሌላው ቦታ ባዶ ነው።

ወደ ታች ወርዳ ሽማግሌውን የበር ጠባቂ ጠየቀች።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ ማን ገባ?»

«እህቱ፣ የኮምፒውተር ባለሙያውና ዳይሬክተሩ። ሲወጡ የሁሉንም ቦርሳ ፈትሻለሁ። ዕቃ ያለ ወረቀት ከዚህ በር አይወጣም።»

«ኪስስ?»

«አይ ልጄ፣ የሰው ኪስ ውስጥ ምን ልሠራ እገባለሁ?»

እህትየው ኮሪደሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

«ምሳ አድርሼለት ወጣሁ። ወንድም ጋሼ ሰሞኑን በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጥ ነበር። ያ ከፎቅ እየዘለለ የሚተውነው ልጅ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። ከሁለት ወር በፊት ቀረጻ ላይ ገመዱ ተበጥሶ ሞተ። ዳይሬክተሩ ‹ገመዱን ሳያስፈትሽ በገዛ ፈቃዱ ዘለለ› ብሎ ቃሉን ሰጠ። ወንድሜ ግን የቀረጻውን ድምፅ ሲያጸዳ የሆነ ነገር ሰማ። ‹ለልጁ እናት ሳልነግራቸው አላርፍም› አለኝ።»

«ከሳጥኗ አንዱ ዲስክ ጠፍቷል።»

«ሳጥኗ ጠረጴዛው ላይ አይደለች እንዴ?» አለች ግራ ተጋብታ። «ውስጧ ደግሞ ሁለት ነገር አለ?»

ቀጭኑ የኮምፒውተር ባለሙያ ያንኑ ወሬ ሲሰማ ግንባሩን ቋጠረ።

«አንዱን ብቻ? ምን ዓይነት ሞኝ ሌባ ነው! ሌላው እኮ ሁሉንም ይዟል።»

«እስቲ በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝ።»

ሳጥኗን አዙሮ ከጀርባዋ ያለችውን ትንሽ መምረጫ ቁልፍ አሳያት። «ሁለቱ ዲስኮች እንዴት እንደሚሠሩ የሚወሰነው በዚህች ነው። ሬይድ ይባላል። ዜሮ ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ፋይል ተቆራርጦ ሁለቱም ላይ ይበተናል። ይፈጥናል፤ ግን አንዱ ከጠፋ ሌላው ባዶ ብረት ነው። ሬይድ ዋን ላይ ሲሆን ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። አንዱ ቢወጣ ሳጥኗ ትጮሃለች እንጂ የሚጎድል ነገር የለም።»

«ይህችኛዋ በየትኛው ነበረች?»

«የዛሬ ዓመት ዳይሬክተሩ አጠገቤ ቆመው ‹ፍጥነት ነው የምፈልገው› ብለው ዜሮ ላይ አስደረጉኝ። ባለፈው ሰኞ ግን ሟቹ ጋሼ ደወሉልኝ። ‹ወደ ዋን ልለውጠው ነው፤ ለማንም እንዳትናገር› አሉኝ። አሠራሩ ሲቀየር ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ ፋይሉን ለጊዜው የሚገለብጡበት ዲስክ አዋስኳቸው። ራሳቸው ቀይረው፣ ፋይሉን መልሰው ጭነው፣ የእኔን ባዶ አድርገው መለሱልኝ።»

መርማሪዋ የሟቹን ስልክ አየች። የሰኞው ጥሪ አለ።

ዳይሬክተሩ በቢሮው ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ ጠበቃት። ዲስኩ መጥፋቱን ስትነግረው ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«በቃ፣ ፊልሙ አለቀለት! አንዱ ከሌለ ሌላው አይከፈትም። የዓመት ልፋቴ ገደል ገባ!»

«ያሳዝናል» አለችና ወጣች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እሷ ግን ከመስኮቱ እስከ በሩ ትመላለሳለች።

«ገዳዩ የፈለገው ቀረጻው እንዲጠፋ ነው። ሳጥኗን ይዞ እንዳይወጣ ጠባቂው አለ። ዲስክ ግን ኪስ ይገባል፤ ሁለት ኪስ ያለው ሰው ሁለቱንም ይዞ መውጣት ይችላል። ታዲያ ለምን አንዱን ብቻ ወሰደ?»

በእጇ ወደ እህትየው አመለከተች።

«እህቱ ውስጧ ስንት ዲስክ እንዳለ እንኳ አታውቅም። ባለሙያው አንዱ የሌላው ግልባጭ መሆኑን ስለሚያውቅ ሁለቱንም በወሰደ ነበር። አንዱን ብቻ የሚወስደው፣ አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይጠፋል ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ዜሮ ላይ ስትደረግ አጠገቧ የቆመ፣ ወደ ዋን መለወጧን ግን ያልሰማ።» ዳይሬክተሩ ፊት ቆመች። «እርስዎ ነዎት።»

«አላውቅም ማለት ማንን ያቅተዋል? እህቱስ ብታስመስል?»

«እውነትዎን ነው። ለዚህ ነው በፍርድ ቤት ፈቃድ መኪናዎን ያስፈተሽኩት።»

አንድ ፖሊስ በላስቲክ የተጠቀለለ ዲስክ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ባለሙያው ሳጥኗ ውስጥ ከቀረው ዲስክ ቀረጻውን ከፈተ። በመጀመሪያ ገመድ ተበጥሶበት የሞተው ወጣት ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ገመዱ ሳስቷል፤ ይቀየርልኝ።» ቀጥሎ የዳይሬክተሩ ጩኸት መጣ። «ፀሐይዋ እየሸሸች ነው! ዝለል!»

«ልገድለው አልመጣሁም» አለ ዳይሬክተሩ። «አጥፋው ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ሥራው ተመለሰ… ያኔ የካሜራ መቆሚያውን አነሣሁ።»

ከቀብሩ በኋላ እህትየውና መርማሪዋ ወደ ወጣቱ እናት ቤት ሄዱ። እናትየው ነገሩን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሲወድቅ አታሳዩኝ» አሉ። «ከዚያ በፊት ያለ ነገር ካለ ግን…»

እህትየው ኮምፒውተሯን ከፍታ ፈለገች። አንድ ቀረጻ አገኘች። ልጁ መታጠቂያውን እያጠበቀ ለካሜራው ሰው ቀልድ ይነግራል፤ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ይስቃል።

እናትየው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ድምፁን ከፍ አድርጊልኝ፣ ልጄ።»