ግራ እጁ ኬዙ ላይ

አለቃው የሞተው በባዶ እግሩ ነው። በኮምፒውተር ጥገና ቤቱ ጓዳ፣ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ ግራ እጁ የኮምፒውተሩን ብረት ኬዝ እንደጨበጠ ተገኘ።

ሳጅኑ ለመፍረድ ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ የሟቹን ሚስት ወንድም፣ ቱርቦ የሚሉትን ቴክኒሻን፣ በካቴና አስሮ በር ላይ ገትሮታል።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «ይሄ ልጅ ኮምፒውተሩን ሳይፈቀድለት ኦቨርክሎክ አድርጎታል። ፋብሪካው ከፈቀደለት ፍጥነት በላይ ሲያስሮጠው አቃጠለው፤ ዛሬ ጠዋት አልነሳም አለ። አለቃው ሊጠግን ቢነካው ገደለው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ አምስት ዓመት ይጠብቀዋል።»

ኢንስፔክተሯ ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ዘጠኝ ዓመት ሬዲዮ ጠግናለች። «ያለቀለት» የሚባል ነገር አይዋጥላትም፤ አልቆላቸዋል ተብለው የተጣሉ ስንትና ስንት ሬዲዮዎች በእጇ ላይ ዘፍነዋል።

«ኦቨርክሎክ የተደረገ ማሽን ይግላል፣ ይዘጋል፣ አልነሳም ይላል» አለችው። «ሰው ሲገድል ግን አላየሁም። እስቲ ሰዎቹን ላናግር።»

መጀመሪያ ያናገረችው ደንበኛ የሚቀበለውን ሸሪኩን ነበር፤ ሰፊ ሆድና ጠባብ ሸሚዝ ያለው ሰው።

«አለቃው እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«የሞተ ሰው አይወቀስም» አለና ወዲያው ወቀሰው። «እጀ ፈጣን ነበር። የሞተ ማሽን ከእሱ በቀር ማንም አይከፍትም። የከፈተ የመበየጃዋን ትኩስ ብረት ይቀምሳል። ጥንቃቄው ግን ሌላ ነው።»

«ምን ዓይነት ጥንቃቄ?»

«ኬዝ ሲከፍት ስፒናውን ከሶኬት አይነቅልም። ከማሽኑ ኋላ ያለውን ማጥፊያ ያጠፋና ግራ እጁን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። በገላው ያለው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳ፣ በግራውንዱ ሽቦ ወደ መሬት እንዲወርድ ነው። አቧራ እንዳያስገባም ጫማውን አውልቆ ነው የሚገባው። ሃያ ዓመት እንዲሁ ሠራ፤ ምንም ሳይሆን።»

«ማን አገኘው?»

«ወንበር ሲንኳኳ ሰምተን ሦስታችንም ሮጥን። ማሽኑ ጭጭ ብሏል፤ መብራት የለ፣ ድምፅ የለ። ልቡ ነው ብዬ ትከሻውን ልይዝ ስል ቱርቦ ቀደመኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ትርምስ ነው።»

ሚስትየው በዚያ ሙቀት እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች። ከማልቀስ ይልቅ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጨርቅ ትጠርጋለች። የዓመታት ልማድ ባል ስለሞተ አይቀርም።

«ወለሉ አሁንም እርጥብ ነው» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«ጠዋት ወለወልኩት።»

«ሁልጊዜ ጠዋት ነው?»

«ከምሳ በኋላ ነበር። ዛሬ አቧራ በዛብኝ።»

«የማሽኖቹንስ አቧራ ማን ይጠርጋል?»

«እኔ። ዓሥራ አንድ ዓመት ደህናዎቹን እየፈታሁ ጠርጌ ገጥሜያለሁ።» ቀና አለች። «ወንድሜን ልቀቁት። አላወቀም።»

ጨርቁን ስትስብ እጅጌዋ ወደ ላይ ሸሸ። ክንዷ ላይ ክብ ክብ የቃጠሎ ጠባሳዎች እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሯ አየች፤ ሴትዮዋም መታየቷን አወቀች። እጅጌዋን መለሰችው።

ቱርቦ የታሰረ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ምን ያህል ገፋኸው?»

«ትንሽ ነው። ቪዲዮ ቶሎ እንዲያወጣልኝ ብዬ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሠራ፤ ከመውጣቴ በፊትም ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አስነሳሁት። ሦስቱንም ተነሳ። ዛሬ ጠዋት እምቢ አለኝ።»

«ጠዋት ኬዙን ነክተኸዋል?»

«መንካት ብቻ? አቅፌ ነቀነቅኩት እንጂ። ምንም አላደረገኝም። ኋላ እትዬ ወለሉን ልወልውል ውጣ አለችኝና አለቃው እስኪመጣ ከሸሪኩ ጋር ፊት ለፊት ቆየን።» ድንገት ዓይኑ በራ። «እትዬን ደግሞ እንዳይጠረጥሯት። እሷ ባትኖር እኔም ዛሬ ሬሳ ነበርኩ። ክንዱን ልይዘው ስል ‹አትንካው!› ብላ ጮኸችብኝ። እሱን ሳትነካ በጎኑ አልፋ የግድግዳውን ስፒና ነቀለች፤ ከዚያ ነው ያዙት ያለችን። ይሄን ይጻፉልኝ።»

ኢንስፔክተሯ ጻፈችለት። አነበበችለት። ቱርቦ በታሰረ እጁ ፈረመ፤ ለእህቱ አንድ ነገር ስላደረገላት ደስ ብሎት ነበር።

ከምሳ በፊት ሁሉንም ጓዳው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ማሽን አልነሳም ሲል ሰው ሁሉ መጨረሻ የነካውን ይወቅሳል» አለች። «መጨረሻ የነካው ቱርቦ ነው፤ ቱርቦ ታሰረ። ጥገና ግን እንደዚያ አይሆንም። አንድ በአንድ ነው የሚፈተሸው።»

ማሽኑ የተሰካበትን ባለ ብዙ ቀዳዳ ዲቫይደር ስፒና ግድግዳው ላይ መለሰች። ቴስተሯን አውጥታ የዲቫይደሩን የግራውንድ ቆርቆሮ ነካችው። ቴስተሩ ቀይ አበራ። ኬዙን ሊደገፍ የነበረው ሳጅን ክርኑን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«ግራውንድ መሆን ያለበት ቦታ ኃይል ያለበት ሽቦ፣ ፌዙ፣ ታስሮበታል። የማሽኑ ማጥፊያ ግራውንድን አይቆርጥም። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ኬዙ ይገድላል፤ በተለይ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግሩ የቆመን ሰው።»

ዲቫይደሩን ነቅላ ጣለችው። የማሽኑን ጎን ከፍታ ሳንቲም የምታህለውን ባትሪ አወጣች። አምስት ደቂቃ ጠበቁ። ባትሪውን መልሳ ማሽኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካችና ቁልፉን ተጫነች። አልተነሳም።

«ባትሪውን በማውጣት የቱርቦን ኦቨርክሎክ ሰርዤዋለሁ። እንደምታዩት ጥፋቱ የፍጥነት አይደለም።»

እንደገና ነቀለችው። ጎንበስ ብላ ራሙን፣ የማሽኑን የማስታወሻ ካርድ፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ቀጭ አለ። ሰክታ ስታበራው ማሽኑ አንዴ ጢጥ አለና ስክሪኑ በራ።

«ራሙ በአንድ ጫፉ ተነቅሎ ነበር። እዚያው የተቀመጠ ማሽን ራሙን አይነቅልም። ትናንት ቱርቦ ከወጣ በኋላ ማሽኑ እንዳይነሳ የፈለገ ሰው አለ፤ የሞተ ማሽን የሚከፍተው አለቃው ብቻ ነዋ። ጠዋት ቱርቦ ሲያቅፈው ኬዙ ሰላም ነበር። ዲቫይደሩ የተለወጠው ከዚያ በኋላ፣ ወለሉ ሲወለወል ነው።»

«ልጁ ዋሽቶስ እንደሆነ?» አለ ሳጅኑ።

«ሁለቱ ወንዶች ሟቹን ሊይዙ እጃቸውን ዘርግተዋል። ሽቦውን ያሰረ ሰው እጁን አይዘረጋም።»

«የቴክኒሻን ሚስት ነኝ» አለች ሴትዮዋ። «ኤሌክትሪክ መሆኑን ገመትኩ።»

«ማሽኑ ጠፍቷል፤ መብራት የለውም። ሃያ ዓመት የሠራው ሰው እንኳ አምኖ እጁን አሳረፈበት። ሸሪኩ ልቡ ነው አለ። እርስዎ ብቻ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ‹አትንካው› ባይሉ ኖሮ እርስዎን የማገኝበት መንገድ አልነበረኝም።»

ሴትዮዋ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። መደበቅ የሰለቻት ይመስላል። ሸሪኩ ጠባሳዎቹን ላለማየት ጫማውን ተመለከተ፤ ዓሥራ አንድ ዓመትም ያየው ጫማውን ነው።

ሳጅኑ ካቴናውን ከቱርቦ እጅ ፈታ።

«እትዬ» አለ ቱርቦ። «እኔ ልታሰር ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። አንተ የነካኸውን ማሽን የመረጥኩት ሰው እንዲያምን ብዬ ነው።»

«እያወቅሽ ዝም አልሽ?»

«አምስት ዓመት ያልቃል» አለችው። «የኔ ዓሥራ አንድ ዓመት እምቢ አለኝ። አንተን አስሬ እኔ ልፈታ ነበር፤ ይኸው ነው። እንድትሞትብኝ ግን አልቻልኩም።»

ካቴናው ለቀጭን አንጓዋ ስለሰፋ ሳጅኑ ሁለት ጥርስ አጠበቀው፤ የታችኛው ጠባሳ ላይ አረፈ። ፊቷን አላጠቆረችም። ብረት ሥጋዋን ሲነካ ዝም ማለት የተማረችው በዚህ ክፍል ነው።

ቱርቦ አንጓውን እያሸ ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረ። ድምፁ የልጅ ሆኖ ነበር።

«ቅድም ያልኩዎትን… ይሰርዙልኝ። አልጮኸችም ይበሉ። አልሰማሁም ነበር።»

ከጀርባው ማሽኑ ያለ እንከን ይሠራል። ኢንስፔክተሯ የቃሉን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች።

«ፈርመህበታል» አለችው።