ምንጭ ያልተጠቀሰበት መስመር

እድላዊት ይስማው የሞተችው ዓርብ ከሰዓት፣ የአርብ ገበያ ሰው ገና አህያውን ሳይጭን ነው። ኢንስፔክተር ውባለም ስትደርስ ሟቿ መደብ ላይ በነጠላ ተሸፍና ተጋድማለች። ባሏ ተስፋሁን እግሯ ሥር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አባቷ መሪጌታ ይስማው ደግሞ በር ላይ ቆመው፣ መቋሚያቸውን ወደ አማቻቸው ቀስረው ይጮኻሉ።

«መርዞ ገደላት! የልጅ ልጄን ከዚህ ቤት አወጣታለሁ! ህይወት ከነፍሰ ገዳይ ጋር አታድርም!»

ህይወት የሟቿ ልጅ ናት። ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ የዚያን ሰዓት ጎረቤቶች ወስደዋታል።

መሪጌታ በጋይንት ሁሉ የታወቁ ሰው ናቸው። ቅኔ ያስተምራሉ፤ ሥር ምሰው፣ ቅጠል በጥሰው የታመመ ያድናሉ። ይህን ቤት ግን እስከዚያች ቀን ረግጠውት አያውቁም ነበር። ለልጃቸው ያሰቡላት ዲያቆን ነበር፤ እሷ የመረጠችው ግን ገበያ ዳር በመኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ሆነ። «ደጄን እንዳትረግጪ» አሏት። እሷም የአባቷ ልጅ ነበረችና አልረገጠችም። እልኸኛ ከእልኸኛ ሲወለድ እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ሲናፍቁ ከረሙ።

ውባለም ብዙ የማትናገር፣ ስትናገርም የማታባብል ሴት ናት። ጩኸቱን ትታ ጓዳ ገባች። ጉልቻው ላይ የሸክላ ድስት ተጥዷል። ክዳኑን ብታነሳው ግማሽ ድረስ ጥቁር ውሃ፣ ውስጡም ወፍራም ሥር አለ። አጠገቡ ባዶ ብርጭቆ ተቀምጧል። በጓዳው በር ወጥታ እጣቢ የሚደፋበትን ቦታ አየች። መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ በዚያን ቀን ምንም አልተደፋበትም።

ከጤና ጣቢያ የመጣው ሐኪም ሬሳውን አይቶ፣ ድስቱን አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። «ልቧን ያቆመው የጠጣችው ነገር ነው» አለ። በዚህ ላይ የተከራከረው ሰው የለም።

ተስፋሁን ፖሊስ ጣቢያ ተወሰደ።

«ምን አጠጣሃት?» አለችው ውባለም።

«የውጋት ሥር።»

«ማን አዘዘላት?»

«ስልኬ።»

ውባለም ቀና ብላ አየችው። የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም።

«ውጋቱ ሲነሳባት ትንፋሽ ያጥራታል» አለ። «ከጤና ጣቢያ የሰጧት ክኒን አልያዘላትም። ‹ልጅ ሆኜ አባቴ በሥር ነበር የሚያድነኝ› ትለኛለች። ሄጄ እግራቸው ላይ ልውደቅ ብላት፣ ‹በሞቴ እንዳትሄድ› አለችኝ። ከዚያ ዊኪው ላይ አገኘሁት።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እየጨመረ የሚጽፈው የኢንተርኔት መጽሐፍ ነው። መምህር ደምሌ ስለ ሥሩ ጽፎበታል። ፎቶውን ሳሳያት፣ ‹እሱ ነው፤ የአባቴ ሥር ነው› ብላ ደስ አላት። ዛሬ ከገበያ ገዛሁ። እንደተጻፈው አፈላሁ። ስትጠጣው ሳቀች፤ ‹የአባቴ እጅ ይሸታል› አለችኝ...»

ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ውባለምም አልገፋችውም።

ቅዳሜ፣ ቀብሩ ካለቀ በኋላ፣ ውባለም ገጹን ከፍታ ለተስፋሁን ጮክ ብላ አነበበችለት።

«‹ሥሩ መጀመሪያ የፈላበት ውሃ መርዝ ስለሆነ ይደፋል። የሚጠጣው በሌላ ውሃ ዳግመኛ የፈላው ነው።› እንደተጻፈው አፈላሁ ነበር ያልከኝ?»

ተስፋሁን ብድግ አለ። «ይህ አልነበረም! በልጄ ይሁንብኝ፣ ይህ አልነበረም!»

የጣቢያው አዛዥ በዚህ በቃው። አንብቦ እያወቀ አጠጥቷታል፤ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሂድ፣ ሕፃኗም ለአያቷ ትሰጥ አለ። ውባለም ግን የደረቀው መሬት ከልቧ አልወጣም። ሚስቱን ሊገድል ያሰበ ሰው ለማስመሰል እንኳ አንድ ጣሳ ውሃ ይደፋ ነበር። ይኸኛው ድስቱን እንዳለ ትቶ ነው ሬሳዋ ሥር የተቀመጠው።

የተስፋሁንን እናት ሐረገ ወይንን በለቅሶው ድንኳን ጥግ አገኘቻቸው። ከምራታቸው ጋር እንደማይስማሙ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«እትዬ ሐረገ ወይን፣ ከእድላዊት ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በጨው መብዛት ተጣልተናል፤ በልጅ አስተዳደግ ተጣልተናል። ታዲያ በዚህ ሰው ይገደላል? ይልቅ ያን መምህር ጠይቂው። ዲያቆን ሳለ አባቷ ሊድሯት የነበረው ለማን ሆነና? ለደምሌ አይደለም?»

«እሱስ ይሁን። ዓርብ ዕለት ማን ማን ገባ?»

«ሐኪሙና አባቷ ናቸው። አባቷ እንኳ...» ሐረገ ወይን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አባቷ ምን?»

«ከደጅ ሲገቡ እንደ ማሽተት አሉና ቆሙ። ልጃቸው መደቡ ላይ ተዘርግታ እሷን ሳያዩ ጓዳ ገቡ። ድስቱን ከፍተው አዩና ተንበረከኩ። ጩኸቱን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ኀዘን ሰውን ያሳብደዋል ብዬ ዝም አልኩ።»

መምህር ደምሌ ዐይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። በልጅነቱ ቅኔ የተማረው ከመሪጌታ እግር ሥር ነው፤ አሁን በከተማው ባዮሎጂ ያስተምራል።

«ከዓርብ ማታ ጀምሮ ለቀብሩ ካልሆነ ከዚህ ድንኳን አልወጣሁም» አለ ሳይጠየቅ። «የኔታን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«አዲስ ጽሑፍ እዚያ ዊኪ ላይ የሚገባው እንዴት ነው?»

ደምሌ የሚያውቀውን ነገር ስለተጠየቀ ትንሽ ቀለል አለው። «መጀመሪያ ርዕሱ ከዚህ በፊት ተጽፎ እንደሆነ ይፈለጋል። ከሌለ ረቂቅ ይዘጋጃል። የራስ አስተያየት አይገባም፤ ለተጻፈው ነገር ሁሉ ምንጭ ይጠቀሳል። ምንጭ የሌለውን ሌሎች ምልክት ያደርጉበታል፣ ወይም ያወጡታል። ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ማንም ሊያርመው ይችላል።»

«ያረመው ሰው ይታወቃል?»

ደምሌ ስልኩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የለውጥ ታሪክ የሚባል ገጽ አለ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይቀመጥበታል። አይጠፋም።»

«ክፈትልኝ።»

ከፈተላት። ስለ መጀመሪያው ውሃ የሚናገረው መስመር የገባው ቅዳሜ ማለዳ ነው። ያስገባውም ራሱ ደምሌ ነበር።

«ጉድለት አየሁበትና አረምኩ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ከየት አገኘኸው?»

«ከመጽሐፍ።»

ውባለም ገጹን ከላይ ወደ ታች አየችው። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ምንጩን የሚያሳይ ትንሽ ቁጥር አለ። አፈላሉን የሚናገረው ክፍል ምንጩ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ የአገር መድኃኒት አዋቂ» ይላል፤ አንድ አራሚም «አስተማማኝ ምንጭ ያስፈልገዋል» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። አዲሱ መስመር መጨረሻ ላይ ግን ምንም ቁጥር የለም።

«መምህር፣ የአበባውን ቀለም እንኳ ከየት እንዳገኘኸው ጽፈሃል» አለችው። «ሰው የሚገድለውን ነገር ከየት እንዳገኘኸው ግን አልጻፍክም።»

ደምሌ ስልኩን ኪሱ ከተተና ፊቱን አዞረ።

እሑድ የሰልስቱ ጸሎት እንዳበቃ ውባለም ተስፋሁንን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። መሪጌታ፣ ደምሌና ሐረገ ወይን እንዲቆዩ አደረገች፤ ሌላውን ሰው ወደ ውጭ ሸኘችው። መሪጌታ አማቻቸውን ሲያዩ ሊነሱ ቃጡ።

«ይቀመጡ መሪጌታ» አለች። «ተስፋሁን እውነቱን ነው። ዓርብ ዕለት ያነበበው ገጽ ውሃ ይደፋ አይልም። መስመሩ የተጨመረው እድላዊት ከሞተች በኋላ ነው። የጨመረው ደምሌ ነው።»

«አላልኩሽም!» አሉ ሐረገ ወይን።

«ቆዩ እትዬ። ደምሌ ከመጀመሪያው አውቆ ቢያስቀረው፣ ተስፋሁን ያነበዋል፣ ለእድላዊትም ያፈላዋል ብሎ በምን ያውቃል? ለመግደል የሚጽፍ ሰውስ በገዛ ስሙ ይጽፋል? ደምሌ አያውቅም ነበር። ያወቀው ከዓርብ ማታ በኋላ ነው። ታዲያ በዚያ ጊዜ ከዚህ ድንኳን አልወጣም። ለቅሶ ቤት መጽሐፍ ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። እንግዲህ የነገረው ሰው እዚሁ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። የነገረውም ስሙ ሊጻፍ የማይችል፣ ደምሌም አሳልፎ የማይሰጠው ሰው ነው።»

ደምሌ መሬት መሬቱን ያያል።

«ዓርብ ዕለት አንድ ሰው እዚህ ቤት ሲገባ ሽታውን ከደጅ አወቀው። የልጁን ፊት ሳያይ ድስቱን አየ። ውሃው እንዳልተደፋ፣ ሥሩም በመጀመሪያው ውሃ እንዳለ አየ። ሌላ ሰው ቢያየው የፈላ ሥር ነው የሚመስለው፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ውባለም ድምፅዋ ለስለስ አለ። «መሪጌታ፣ ለደምሌ ስለ ሥሩ ሲነግሩት የመጀመሪያውን ውሃ ለምን ተዉበት?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጎናቸው አስተኙት።

«አባቴም ለሰው ሲናገር እንዲሁ ነበር» አሉ። «መድኃኒት ሙሉውን አይነገርም። አንድ ነገር ይቀራል። ያችን አንድ ነገር የሚፈልግ በሽተኛ እኔው ዘንድ ይመጣል፤ አይቼው፣ አቅሙን መዝኜ እሰጠዋለሁ። ደምሌ ‹ዓለም ያነበዋል› ሲለኝም እንደዚያው አደረግሁ። ያነበበ ሁሉ ይመጣል፣ የታመመ ሁሉ ደጄን ያንኳኳል ብዬ...» ቀና ብለው ተስፋሁንን አዩት። «አንዲት ልጄ ብቻ እንደማትመጣ ረሳሁት። እኔው ነኛ የከለከልኳት።»

«ትናንት ማለዳ ጠሩኝ» አለ ደምሌ እያለቀሰ። «‹ሌላ ሰው እንዳይሞት ጨምርበት፤ ለማንም ግን አትንገር› አሉኝ። የኔታ ናቸው፤ እንቢ ማለት አልቻልኩም። ተስፋሁን ታስሮ እያየሁ አልቻልኩም።»

«ሌላ ሰው እንዳይሞት አስበዋል» አለች ውባለም። «እሱን ግን ገዳይ ነው እያሉ ልጁን ሊነጥቁት ነበር።»

«እሱ ካልገደላት እኔ ነኝ የገደልኳት!» አሉ መሪጌታ። «ሁለት ቀን ብቻ ሌላ ሰው ይግደላት ብዬ ነው። አልቻልኩትማ! እሰሪኝ ልጄ፤ ውሰጂኝ።»

«ያየሁትንና የሰማሁትን እጽፋለሁ። ስለዝምታዎ ዓቃቤ ሕግ የሚለውን ይላል። ስለ እድላዊት ግን የማስርዎት የለኝም።»

መሪጌታ ይህን ሲሰሙ የባሰ ተሸማቀቁ። በጉልበታቸው ሄደው ተስፋሁን እግር ላይ ወደቁ።

«ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ተስፋሁን አላነሳቸውም። «ቶሎ ይሻላት ብዬ ነው ሞልቼ የቀዳሁላት» አለ። «ግማሽ ይበቃኛል ስትል እኔ ነኝ ጨርሺው ያልኳት። ዛሬ ይቅርታ አይጠይቁኝ መሪጌታ። ዛሬ አልችልም።»

ሐረገ ወይን ወጥተው ሕፃኗን ይዘው ተመለሱ። ህይወት አባቷን ስታይ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ተስፋሁን አጥብቆ አቀፋትና ፀጉሯ ውስጥ አለቀሰ። መሪጌታ እጃቸውን ወደ ልጅቱ ሰደድ አደረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

ልጅቱ መሬት ተቀምጠው የሚያለቅሱትን ሽማግሌ አየቻቸው። በሕይወቷ አይታቸው አታውቅም።

«አባዬ፣ ይህ የሚያለቅሰው ማነው?»

ተስፋሁን የልጅቱን ፀጉር ዳበሰ። ውባለም መልሱን ላለመስማት ወደ ድንኳኑ መውጫ ሄደች፤ ግን ሰማችው።

«አያትሽ ናቸው» አላት።