ባለ ሁለት መብራቱ ገመድ

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1992፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የጎርፍ ጥናት ክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ተከፈተ። ፔይዩን የነፋሻማዋ ከተማ የሺንጁ ነፋስ መስሏት ልትዘጋው ተነሣች። ነፋስ ግን አልነበረም፤ ገመድ በጥርሱ የነከሰ ወጣት ነበር።

«ይቅርታ እታለም» አለ፣ ገመዱን ከአፉ አውጥቶ። «በበሩ ብዞር ገመዱ አይደርስም።»

ቦካይ ይባላል፤ ከግቢው ማዶ በሚገኘው የኮምፒውተር ክፍል የሚያግዝ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር መረብ እርሷ ካለችበት ሕንፃ ገና አልደረሰም፤ የጎርፍ ስሌቷም ለትንሿ ኮምፒውተሯ ከብዷል። ስለዚህ ፊደላትን አንድ በአንድ አሰልፎ በሚያሳልፍ ቀጭን ገመድ፣ ከማዶው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ሊያገናኛት መጥቷል።

ሰካው። አልሠራም። ፔይዩን መሰኪያውን ፈትታ ተመለከተችው።

«አንተ! ላኪውን ሽቦ ከላኪ፣ ተቀባዩን ከተቀባይ ነው እንዴ ያሰርከው?»

«ቀጥ ያለ ነገር ስለምወድ ነዋ።»

«እንግዲያው ሁለታችንም አፍ ሆንን። ጆሮ ማን ይሁን?»

ፊቱ ቀላ። ሽቦዎቹን አጠላልፎ በየዳቸው፤ በእርሷ ጫፍ ላይም ሁለት ትንንሽ መብራቶች ገጠመላት። ስትልክ አረንጓዴዋ፣ ሲመለስላት ደግሞ ቀይዋ ብልጭ ትላለች። እርሱ ወደ ማዶ ከተሻገረ በኋላ፣ የመጀመሪያዋ ቀይ ብልጭታ ይዛት የመጣችው ጥያቄ «እታለም፣ ምሳ በላሽ?» የሚል ነበር።

ያ ጸደይ ለፔይዩን የድካም ወቅት ሆነ። እናቷ ሆስፒታል ተኝተዋል። የመመረቂያ ጽሑፏ በወንዝ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች የጎርፉን መምጣት አስቀድሞ የሚነግር እንዲሆን ትመኛለች፤ ዓይኖቿ ግን ፊደል መለየት እስኪያቅታቸው ዝለዋል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ቀይዋ ብልጭ ስትል ብቻ ቀና ትላለች። ዝናቡ ገብቶ ፊደላቱ መዘባረቅ ሲጀምሩ፣ ቦካይ የሁለቱንም ጫፍ ፍጥነት ቀነሰው።

«ረጅም ገመድ ሲያጣድፉት ይሳሳታል» አላት። «ሲያዘግም ግን ያደርሳል።»

ጁን 12፣ እንደገና ዓርብ ቀን፣ በበሩ በኩል መጣ።

«ምነው ዛሬ? መስኮቱ ጠበበህ?»

አልሳቀም። «ሰኞ በስድስት ሰዓቱ ባቡር ወደ ውትድርና መሄዴ ነው። የምድብ ዕጣው ሩቅ ደሴት ላይ ከጣለኝ ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ ነኝ።» ቀጥሎም ለመጀመሪያ ጊዜ «እታለም» ማለቱን ትቶ በስሟ ጠራት። «ፔይዩን፣ ትጠብቂኛለሽ?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ ነገር ግን የዕድሜ ልክ ቃል በደከመ አንደበት እንዲወጣ አልፈለገችም።

«አሁን ራሴም ለራሴ የለሁም። ሰኞ ጠዋት በገመዱ እነግርሃለሁ።»

«በገመዱ? እዚህ ቆሜ?»

«በአፌ ከሆነ አለቅሳለኋ!»

«እሺ» አለ ፈገግ ብሎ። «እስክሄድ ድረስ ከኮምፒውተሩ ፊት ንቅንቅ አልልም።»

ለሰኞ አጥቢያ የእናቷ ትኩሳት ናረ፤ የበረደው ከነጋ በኋላ ነው። ፔይዩን ከሆስፒታሉ ወጥታ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠች፤ ራሷን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። ሾፌሩ ትከሻዋን ነካ ሲያደርጋት፣ የምትወርድበት ቦታ ካለፈ ቆይቷል።

«እህት፣ መጨረሻው ነው።»

ክፍሏ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሆኗል። የማዶው መስኮት ተዘግቷል፤ ገመዱ ግን እንደተዘረጋ ነው። ስልክ ቢሆን አንሺ መታጣቱ በታወቀ ነበር። ያ ገመድ ግን በዚያኛው ጫፍ ሰው ይኑር አይኑር አይጠይቅም፤ የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ ይወስዳል።

ተቀመጠችና ጻፈች። «እጠብቅሃለሁ። ብታዘግምም እጠብቅሃለሁ።»

አረንጓዴዋ ለእያንዳንዷ ፊደል ብልጭ አለች። ቀይዋ ግን አልበራችም።

ፔይዩን እጆቿን ጭኗ ላይ አሳርፋ ቆየች። ነፋሱ ገመዱን ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ያማታዋል። እንደገና ጎንበስ አለች።

«ቦካይ፣ አንዲት ፊደል ብቻ መልስልኝ። ምሳ በላህ?»