ፌርማታው ላይ አደራ የሰጠሁት ሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምነግራችሁ... ዛሬ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሱሉልታ አዲሱ ፌርማታ ላይ።

ፌርማታውን ለማሳመር ብለው ሐውልቶች አቁመውበታል። ተሰልፈው አውቶቡስ የሚጠብቁ የሲሚንቶ ሰዎች ናቸው። «ዕድለኞች፣ ሥራ አይረፍድባቸው» እያልን እንቀልድባቸው ነበር።

ዛሬ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጉም ነበር።

እህቴ ማርቲ ከሆሳዕና ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው። ዛሬ ፋብሪካ ሥራ ልትጀምር ነበር። ሰልፉ ጫፍ ላይ እንደቆምን መታወቂያዋን ቤት መርሳቷ ትዝ አላት።

«አንቺ ቁሚ፣ ሮጬ አመጣዋለሁ» አልኳት።

ለአገሩ እንግዳ ናት፤ ብቻዋን መተው ጨነቀኝ። ከፊታችን ካፖርት የለበሰ ሰው ቆሟል።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ወንድሜ። እስክመለስ እህቴን አደራ...»

አልመለሰልኝም። ራሱን የነቀነቀ ግን መሰለኝ።

ስመለስ አውቶቡሱ መጥቷል። ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ» ይላል። ሰዉ በወዲያ በኩል ተሰልፎ እየገባ ነው። ማርቲ ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ነይ እንጂ፣ ማርቲ።»

«ቀስ በይ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «ወረፋችን ገና ነው።»

«ማን አለሽ?»

«እሱ።»

ያኔ ነው ልብ ብዬ ያየሁት። ካፖርቱ ሲሚንቶ ነው። ፊቱም ሲሚንቶ ነው።

እጁ የማርቲን እጅ ጨብጧል።

ጎተትኳት... ጣቶቹ አልላቀቅ አሉ። ጮኽኩ። አውቶቡሱ ሄደ፤ ዞሮ ያየን አንድም ሰው የለም።

«መጥቻለሁ፤ አደራዬን መልስልኝ» አልኩት።



ከዚያ ከፊት በኩል አንድ ከባድ ነገር መሬት ላይ ሲጎተት ሰማሁ። ካፖርታሙ አንድ እርምጃ ሄደ። ማርቲም ተከተለችው።

«አየሽ? ወረፋው እየሄደ ነው» አለችኝ።

አሁን ሦስት ሰዓት አልፏል። ጉሙ አልተነሳም። ባሌ ዘርሁን ጋ ስደውል «ፌርማታው ላይ ነኝ፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ የታላችሁ?» ይለኛል።

የሚያስፈራው አደራ በላ ሰው ይመስለኝ ነበር። ይሄኛው ግን አደራዬን አልለቅም አለ።

ይህን የምጽፍላችሁ በአንድ እጄ ነው። በሌላው ማርቲን ይዣታለሁ፤ አልለቃትም።

አሁን ከኋላዬ አንድ ሰው መጥቶ ቆመ... ትንፋሹ አይሰማም።

«የወረፋው መጨረሻ አንቺ ነሽ?» አለኝ።